ከመሞረዳቸው በፊት አረማመድ የሚያዩት ባለሙያ፦ በጃን ሜዳ ዙሪያ ስለሚሰጥ የፈረስ ሰኮና አገልግሎት

ላለፉት ስምንት ወራት የፈረሴን ሰኮና ሲከረክሙና ሲያስተካክሉ የቆዩት አዛውንት ባለሙያ ሱቅ የላቸውም፤ በር ላይ የተሰቀለ ማስታወቂያም የላቸውም። ከስድስት ኪሎ ወደ ጃን ሜዳና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በየግቢው ፈረስ የሚያሳድሩ ሰዎችን እየዞሩ ያገለግላሉ። ስማቸውና ስልካቸው በጽሑፍ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም፤ የሚፈልጋቸው ሰው ግን ጃን ሜዳ አጥር ሥር ጠዋት ጠዋት ፈረስ የሚያሟሙቁትን ልጆች ቢጠይቅ አያጣቸውም። ይህን የምጽፈው ፈረሱን ለሠርግና ለበዓል ብቻ ለሚያወጣ ሰው ሳይሆን፣ እንደ እኔ እሑድ እሑድ ከከተማው ወጥቶ 30 እና 40 ኪሎ ሜትር ለሚጋልብ ሰው ነው፤ ረጅም ርቀት የሚሄድ ፈረስ ሰኮናው ላይ የሚደርስበት ጫና ከሌላው ስለሚለይ፣ ለሌላው ፈረስ የሚበቃው እንክብካቤ ለእሱ አይበቃውም።

ፈረሴ ከሰላሌ የመጣ የዘጠኝ ዓመት ዳማ ሰንጋ ነው። ጥቅምት 2017 ላይ በአንዱ እሑድ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል እንጦጦን ወጥተን፣ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወርደን ስንመለስ፣ ዳገቱን ያለ አንዳች ችግር የወጣው ፈረስ ቁልቁለቱ ላይ እርምጃው አጠረ። ስድስት ኪሎ አስፋልት ላይ ስንደርስ ደግሞ የሶምሶማው ምት ተዛባ፤ በእኩል ይሰማ የነበረው ኮቴ አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ላላ እያለ ይሰማኝ ጀመር። ወርጄ በእግሬ እየሳብኩት ገባሁ። በነጋታው በግቢው ለስላሳ አፈር ላይ ሲሄድ ምንም ያልሆነ ይመስል ነበር፤ ከግቢው ወጥቶ ኮብልስቶኑን ሲረግጥ ግን ከፊት እግሮቹ አንዱን ይሳሳለታል።

ከዚያ በፊት የብረት ጫማ ያደረገለት ሰው ሌላ ነበር። ማን እንደሆነ መናገሩ ለማንም ስለማይጠቅም እተወዋለሁ፤ የሠራው ስህተት ግን በብዙ ፈረስ ላይ ሲደገም ስለማየው መነገር አለበት። ሰውየው ፈረሱ ሲራመድ አላየም፤ እግሩን አንስቶ፣ ሰኮናውን በብረቱ ልክ ሞርዶ፣ ምስማሩን መትቶ፣ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሶ ሄደ። ብረቱ ከሰኮናው አጠር ያለ ስለነበር የኋላ ጫፎቹ ተረከዙን ደግፈው መያዝ ሲገባቸው ከተረከዙ ወደ ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። እኔም ብረቱ ገና አልሳሳም ብዬ ወደ አሥር ሳምንት ሳላስነቅለው ቆየሁ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ብረቱ ባይሳሳም ሰኮናው ማደጉን አያቆምም። የሰኮና ግድግዳ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ሲያድግ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ስለሚገፋ ብረቱን ይዞት ይሄዳል፤ መጀመሪያም አጭር የነበረው ብረት በስድስተኛው ሳምንት የባሰ አጭር ይሆናል፤ ጫፉም ግድግዳው ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት የተረከዝ ማዕዘን ላይ ያርፋል። ያ ቦታ ደግሞ ክብደት እንዲሸከም የተፈጠረ አይደለም።

ባለሙያው በመጡበት ቀን የሆነውን በዝርዝር የምነግረው፣ ስለ አገልግሎታቸው ያለኝ ግምት በሙሉ ከዚያች አንድ ሰዓት የመነጨ በመሆኑ ነው። ፈረሱን አስሬ ስጠብቃቸው ደረሱና ዕቃቸውን ከጆንያ አውጥተው ሳይዘረጉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ እግሩን ላንሳልዎት?» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ሲሄድ ልየው» አሉኝ።

በግቢው በር ወደ አስፋልቱ አወጣሁት። ገመዱን አላልቼ እንድይዝና ራሱን በነፃነት እንዲያንቀሳቅስ እንድተወው አዘዙኝ፤ ገመድ አሳጥሮ የያዘ ሰው የፈረሱን ማነከስ በእጁ ይሸፍነዋል። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ወደ እሳቸውና ከእሳቸው፣ ከዚያም በጎናቸው አስኬድኩት። በሶምሶማ የፈለጉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሶምሶማ ፈረስ እግሮቹን በሰያፍ ጥንድ ጥንድ እያደረገ ስለሚያሳርፍ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት፤ ትንሽ መዛባት ከነበረ እዚያ ላይ ይጋለጣል። አንድ ጊዜ ሳልፋቸው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ዓይናቸውን ጨፍነው አየኋቸው፤ ኮቴውን እያዳመጡ ነበር። ከዚያ በጠባብ ክብ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ እንዳዞረው ጠየቁኝ። ወደ ግራ ሲዞር፣ ግራው እግር ከውስጥ ሲውል፣ ማነከሱ በግልጽ ጎላ። በመጨረሻ ያንኑ በግቢው አፈር ላይ አስደገሙኝ፤ ለስላሳው ላይ ሲሻለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠንካራ መሬት ላይ የሚብስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከሰኮናው ነው፤ ለስላሳና ጥልቅ አፈር ላይ የሚብስ ከሆነ ግን ጅማት መጠርጠር ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበትን ነገር አስተማሩኝ። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ክብደቱን ለማቅለል ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ይላል። እኔ ራሱን ዝቅ የሚያደርግበትን እግር የታመመ አድርጌ ስለቆጠርኩ፣ ሳምንቱን ሙሉ የቀኙን እግር በቀዝቃዛ ውኃ ሳጥብ ነበር የከረምኩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እጃቸው ፈረሱን የነካው። ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ሁለት ጣታቸውን አሳርፈው የደም ምቱን ለኩ፤ ከዚያ የእኔን ጣት ይዘው እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጡት። በቀኙ እግር ላይ ለማግኘት የቸገረኝ ምት በግራው ላይ ጣቴን ይገፋ ነበር። ያ ምት ሲጠነክር ሰኮናው ውስጥ ብግነት አለ ማለት ነው። በመቀጠል ረጅም እጀታ ባለው የሰኮና ጉጠት የሰኮናውን ወለል ከጫፉ ጀምረው ጣት በጣት እያለፉ ጫን ጫን አደረጉት። ፈረሱ ጸጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ጉጠቱ የውስጠኛው ተረከዝ ማዕዘን ላይ ሲደርስ በመጀመሪያ የትከሻው ቆዳ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ እግሩን ነጠቀ። ደግመው ሲነኩት ደግሞ ነጠቀ። ብረቱን ነቅለው ጫፉ በታጠፈው ቢላዋቸው አንድ ስስ ቅርፊት ሲያነሱ፣ ከሥሩ የቀይ ሥር ውኃ የፈሰሰበት የሚመስል እድፍ ታየ። ብረቱ በየእርምጃው ሲደቁሰው የቆየ ቦታ ነበር።

በዚያ ቀን አዲስ ብረት አልመቱለትም። እኔ ግን ብር አዘጋጅቼ፣ ለሚቀጥለው እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ቀጠሮ ይዤ ነበር። «ይህ እግር ብረት ሳይሆን ዕረፍት ነው የሚፈልገው» ብለው ሦስት ሳምንት ለስላሳ መሬት ላይ ብቻ እንዲውል አዘዙ፤ ማነከሱ ድንገት ከከፋና እግሩን ጭራሹን መርገጥ ካቃተው መግል ይዟል ማለት ስለሆነ ለሐኪም እንድደውል አስጠነቀቁኝ። ብረት በመምታት ይበልጥ ገንዘብ እንደሚያገኙ እያወቁ እንቢ ማለታቸው፣ እኔ ዘንድ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ነው።

ደቁሶታል የተባለው ቦታ ሲታወቅ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ዋናው ችግር ገና አለመነካቱን ነገሩኝ። የዳማው የፊት ሰኮና ጫፉ ረዝሞ ተረከዙ ዝቅ ብሎ ነበር። በጎኑ ቆመን ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለውን አጥንት መስመር በዓይናችን ስንከተለው፣ በጤናማ ፈረስ ላይ ያ መስመር በሰኮናው ግድግዳ ላይ ሳይሰበር መቀጠል ሲኖርበት፣ የእኔ ፈረስ ላይ ግን ሰኮናው ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ይሰበር ነበር። ይህ መልክን ብቻ የሚያበላሽ ጉድለት አይደለም። የሰኮናው ጫፍ ሲረዝም ፈረሱ እግሩን ከመሬት ለማላቀቅ የሚገለብጠው ነገር ይረዝማል፤ መገልበጡ በዘገየ ቁጥር ከእግሩ ጀርባ የሚወርደው ጅማትና ከሰኮናው ውስጥ በጅማቱ ሥር ያለችው ትንሿ አጥንት የበለጠ ይወጠራሉ። የፊት እግሮች ከክብደቱ ወደ 60 በመቶ የሚሆነውን ይሸከማሉ፤ ቁልቁለት ላይ ይህ ይጨምራል። ለደጋ ፈረሳችን የሶምሶማው አንድ ሙሉ እርምጃ 2 ሜትር ግድም ነው ብንል፣ በ40 ኪሎ ሜትር ጉዞ እያንዳንዱ እግር 20,000 ጊዜ ይገለበጣል። አጭር ርቀት የሚሮጥ ፈረስ ይዞት የሚኖረው ትንሽ ጉድለት ለረጅም ርቀት ፈረስ በሽታ የሚሆነው በዚህ ብዛት ነው።

ለዚህም ነው በዓለም አቀፍ የረጅም ርቀት ግልቢያ ውድድሮች ፈረሱ በየደረጃው እየቆመ የሚመረመረው። የልብ ምቱ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ በደቂቃ 64 ወይም ከዚያ በታች መውረዱ ይታያል፤ ከዚያ በጠንካራና ጠፍጣፋ መሬት ላይ በላላ ገመድ ሶምሶማ ይሳባል፤ አረማመዱ የተዛባ ፈረስ የፈለገ ብርታት ቢኖረው አይቀጥልም። ፈረሶች ከእነዚህ ውድድሮች የሚሰናበቱበት ቀዳሚው ምክንያት ድካም ሳይሆን የአረማመድ መዛባት ነው። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚካሄደውና 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ተራራማ መንገድ በ24 ሰዓት የሚያስጨርሰው የቴቪስ ጉዞ የታወቀው በዚሁ ምርመራው ጥብቅነት ጭምር ነው። እኛ እዚህ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለንም፤ ነገር ግን ከባለሙያው ጋር ከተዋወቅሁ ወዲህ በቡድናችን ከመነሳታችን በፊት፣ እንጦጦ ጫፍ ላይና ስንመለስ የእያንዳንዱን ፈረስ አረማመድ በላላ ገመድ እንመለከታለን። ይህን ልማድ ያስያዙን እሳቸው ናቸው፤ ለዚህም አንድ ብር አልጠየቁም።

አከራከማቸው ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። የረዘመውን ጫፍ በአንድ ቀን አልቆረጡትም፤ በየአምስት ሳምንቱ እየመጡ ጥቂት ጥቂት ከፊት በኩል እየሞረዱ ሰኮናው ከመሬት ሲላቀቅ የሚገለበጥበትን ቦታ ወደ ኋላ አመጡት፤ ተረከዙን ግን አልነኩትም ማለት ይቻላል። ወለሉን አያሳሱም፤ በወለሉ መሃል ያለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍልም የተበጣጠሰውን ካልሆነ በቀር አይላጩትም። ሰኮናውን የሚያብረቀርቅ አድርጎ መሞረድ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እሳቸው የግድግዳውን ፊት እንዳለ ይተዉታል፤ ያ ፊት የሰኮናውን እርጥበት ይጠብቃል። ከጥር ጀምሮ ከጠጉሩ መስመር ሥር ቀጥ ብሎ የሚወርድ አዲስ ግድግዳ መታየት ጀመረ፤ አሮጌው ተንሻፎ የወጣው ክፍል ከሥሩ ቀርቶ በሁለቱ መካከል ጣት የሚያርፍበት እጥፋት ነበረ። ያ እጥፋት በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሲወርድ እያየሁ ነው የከረምኩት። ጫፉ ላይ ያለው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈልጋል፤ ይህን ስጽፍ፣ ሐምሌ 2017፣ እጥፋቱ ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ቀርቶታል።

አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እያልን ጌታውን በፈረሱ ስም በምንጠራበት አገር፣ የፈረስ ኃላፊውም ባልደራስ ተብሎ በሚከበርበትና ስሙ በከተማችን ሰፈር ሆኖ በቀረበት አገር፣ የፈረሱን እግር የሚጠብቅ ሙያ እንዲህ ሰው አጥቶ መቅረቱ ያሳዝነኛል። አብዛኛው የደጋ ፈረሳችን ያለ ጫማ ኖሯል፤ በአፈርና በድንጋይ ላይ ሲውል ሰኮናው በራሱ ጊዜ እየተሞረደ ያድጋል። ከተማ ውስጥ ግን ፈረሱ ሳምንቱን በጠባብ ግቢ ቆሞ ይውላል፤ ስለዚህ ሰኮናው አይሞረድም፤ እሑድ ደግሞ በአንድ ቀን አስፋልቱ፣ ኮብልስቶኑና የእንጦጦ ጠጠር ይበሉታል። አንዱ ያረዝመዋል፣ ሌላው ይሰነጥቀዋል። አያቶቻችን ይህን ጉዳይ አያውቁትም ነበርና በድሮው ልማድ ብቻ መመራት አይቻልም።

ብረት ይደረግለት ወይስ አይደረግለት የሚለውን በተመለከተ ባለሙያው አቋም ይዘው አይከራከሩም። ለእኔ ፈረስ የመረጡት ባዶ እግሩን እንዲውልና ለረጅም ጉዞ ብቻ የሚጠለቅ ጫማ እንዲደረግለት ነው። ጫማውን ያሠሩት መርካቶ ነው፤ የሰኮናውን ቅርጽ ካርቶን ላይ አስምረው፣ እንደ በረባሶ ከከባድ መኪና ጎማ ሶሉን አስቆርጠው፣ ዙሪያውን በወፍራም ቆዳ አሰፍተው፣ ከፊት በማንጠልጠያ የሚጠበቅ አደረጉት። እውነቱን ለመናገር ይህ ሥራቸው ገና አልበሰለም። ደረቅ መንገድ ላይ ድንቅ ነው፤ በአስፋልት ላይ የኮቴው ድንጋጤ ይቀንሳል፤ ዳማውም እርምጃውን ዘርግቶ ይሄዳል። ነገር ግን የመጀመሪያው ጥንድ ከ25 ኪሎ ሜትር በኋላ የተረከዙን ሥጋ ላጠው፤ ቆዳውን በበግ ጠጉር ከደረቡት በኋላ ተሻለ። በጭቃ ጊዜ ደግሞ የግራው ከሱሉልታ ሜዳ ማጥ ውስጥ ቀርቶ ሁለት ሰው ሲፈልገው ዋለ። ከክረምት በኋላ ካልሆነ አልመክረውም።

ብረት ለሚያስፈልገው ፈረስ ሲሠሩም አይቻለሁ፤ የጓደኛዬ ጉራቻ በጣም ስስ ወለል ስላለው ከፊት ብረት ያደርጋል። ብረቱን ለሰኮናው ይቀጠቅጣሉ እንጂ ሰኮናውን ለብረቱ አይሞርዱም። የኋላ ጫፎቹን ተረከዙን እንዲደግፉ ረዘም ያደርጓቸዋል፤ ምስማሩንም ከሰኮናው ሰፊ ቦታ ወደ ፊት ብቻ ይመታሉ፤ ሰኮና በተረገጠ ቁጥር ከተረከዙ በኩል በትንሹ ስለሚከፈት እዚያ መቸንከሩ ያፍነዋል። አንዱ ምስማር ሲገባ ድምፁ ስላላማራቸው መልሰው ነቀሉት፤ ጠንካራው ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ምስማር ጠንካራ ድምፅ አለው፤ ወደ ሥጋው የተጠጋ ግን ድምፁ ይደፈናል።

አንድ ሌላ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በዚህ ዓመት በየመንገዱ ቤት ሲፈርስና ሲሠራ ስለሚውል ምስማር የረገጠ ፈረስ ማየት የተለመደ ሆኗል። የጎረቤቴ ባዝራ በወለሉ መሃል ወፍራም ምስማር ገብቶባት ሲጠሯቸው፣ ከመንቀላቸው በፊት ሐኪም አስደወሉ፤ ሐኪሙ እስኪመጣ ምስማሩ የበለጠ እንዳይገባ በሁለቱም ወገን እንጨት ደግፈው አስረው ጠበቁ። የምስማሩ ጥልቀትና አቅጣጫ ከተነቀለ በኋላ አይታወቅም፤ በዚያ ቦታ ደግሞ እስከ አጥንትና እስከ ጅማት ሊደርስ ይችላል። ፈረስ ለቴታነስ ከሌሎች የቤት እንስሳት ሁሉ ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ መርፌው መሰጠቱን ሳያረጋግጡ ከግቢው አልወጡም። ባለሙያ የሚባለው የሙያውን ወሰን የሚያውቅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሳቸው ወሰናቸውን ያውቃሉ። ሙያውን የጀመሩት በቢሾፍቱ የጋሪ ፈረሶች ላይ እንደሆነ ነግረውኛል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ስለሚገኝ ከሐኪም ጋር መሥራትን ያኔ ሳይለምዱ አልቀሩም።

ስለ መኖም ይጠይቃሉ፤ መጀመሪያ ሲጠይቁኝ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነበር። እኔ ከረጅም ጉዞ መልስ ዳማውን ለመካስ ብዬ ገብስ በገፍ እሰጠው ነበር። በአንድ ጊዜ ብዙ እህል የበላ ፈረስ ሰኮናው ውስጥ ግድግዳውን ከአጥንቱ ጋር ያያያዘው ሥጋ ሊቃጠልበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ የፊት እግሮቹ ይግላሉ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይቆማል፣ መዞር ያቅተዋል፤ ከባሰበትም አጥንቱ ከቦታው ይንሸራተታል። አሁን መጀመሪያ ድርቆሽና ውኃ፣ እህሉን ደግሞ ከፋፍሎ በትንሽ በትንሹ ሆኗል። ፉርሽካውንም ቀንሰነዋል።

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም የግቢው መሬት አይደርቅም፤ በሽንትና በፍግ በራሰ መሬት ላይ የሚቆም ፈረስ በሰኮናው ወለል መሃል ያለው ክፍል ይበሰብሳል፣ ጥቁር ፈሳሽና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ያመጣል። ሥር እስኪሰድ ካልተጠበቀ በቀር ቀላል ነው፤ በየቀኑ በመኮትኮቻ ማጽዳት፣ ማድረቅና አዮዲን መቀባት ይበቃል። ባለሙያው ስንጥቁ ውስጥ በአዮዲን የተነከረ ጥጥ እንዴት እንደሚገባ ካሳዩኝ በኋላ የፈረስ ጠባቂያችንን ልጅ ጠርተው በፊታቸው ደጋግሞ እንዲሠራው አደረጉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ፤ ልጁ አሁን በየማታው አራቱንም እግር ሳያነሳ አይተኛም።

የማማርርባቸው ነገሮችም አሉ። ቀጠሮ አያከብሩም፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብለው አምስት ሰዓት የመጡበት ቀን አለ፤ ሥራ ትቶ ለሚጠብቃቸው ሰው ይህ ከባድ ነው። የሠሩትን አይጽፉም፤ ባለፈው ጊዜ ከየትኛው ወገን ምን ያህል እንደሞረዱ በቃላቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ የማስታወስ ችሎታቸው የሚደነቅ ቢሆንም ስምንት ወር ሙሉ የተከታተሉትን እግር ታሪክ እኔው በስልኬ ፎቶግራፍ ካልያዝኩት በቀር የሚያረጋግጥ የለም። የኋላ እግር ላይ እንደ ፊቱ አይተጉም የሚል ስሜትም አለኝ። ዳማው ሲደክመው የኋላው ኮቴ የፊቱን ጫማ እየነካ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር፤ ይህን ሦስት ጊዜ ከነገርኳቸው በኋላ ነው የኋላውን ጫፍ ያጠጋጉት፤ ካጠጋጉት በኋላ ድምፁ ጠፋ። ቀድመው ቢሠሩት ኖሮ ሁለት ወር ባልጠበቅሁ። ደግሞም የሚያሠለጥኑት ተተኪ የላቸውም፤ ዕድሜያቸው ገፍቶ ጎንበስ ብሎ መሥራት እያስቸገራቸው ስለሆነ ይህ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል።

ዋጋቸው አራቱንም እግር ለመከርከም 800 ብር፣ ሁለት የፊት ብረት ከነሥራው 2,500 ብር ነው፤ የጎማው ጫማ ጥንዱ 3,000 ብር ወስዶብኛል፤ ከዚህ አብዛኛው ጫማውን የሰፋው የመርካቶ ሰው ድርሻ ነው። አረማመድ አይተው ብቻ ከሄዱ አይቀበሉም፤ የታክሲያቸውን መስጠት ግን ተገቢ ነው። ከረጅም ርቀት ፈረስ ጋር የሚሠራ ሰው በየአምስት ሳምንቱ ሊያስጠራቸው ይገባል፤ ፈረሱ እስኪያነክስ ጠብቆ የሚጠራቸው ሰው አገልግሎታቸውን ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው።

የምትጠሯቸው ከሆነ ፈረሱን ከጭቃ አጽድታችሁ፣ እግሩን አድርቃችሁ፣ ጠፍጣፋ መሬት ላይ አቁማችሁ ጠብቋቸው። በዚያ ጠዋት አትጋልቡት። ገመዱን ራሳችሁ ያዙ፤ ማን እንደሚጋልበውና የት የት እንደሚሄድ የሚያውቀውን ሰው ነው የሚጠይቁት። የእኔ ቀጣይ ቀጠሮ ከፍልሰታ በኋላ ነው፤ በዚያ ቀን ከአሮጌው ግድግዳ ሌላ ቁራጭ ከግራው እግር ይነሳል ብለውኛል።